ከአባት የተወረሰ የእጅ ሰዓት አያያዝ

አባት ለልጁ ከሚተወው ርስትና የቤት ዕቃ መካከል የእጅ ሰዓት ትንሹ ነው፤ ነገር ግን የሟቹ ክንድ ዕለት ዕለት የተሸከመው ስለ ሆነ ልዩ ክብር አለው። ለማክበር ሲባል የሚበላሽ ዕቃ እንዳለ የተማርነው በገዛ ቤታችን ነው።

አባታችን በደብረ ታቦር ባረፉበት ዓመት፥ ለተዝካራቸው የናሱ ዋንጫ በሎሚና በአመድ ሲፈተግ፥ ሰዓታቸውንም ከዚያው ጨመርነው። የወርቁ ልባጥ ተገፎ ናሱ ወጣ፤ ከጀርባው በስሱ ተቀርጾ የነበረው ስማቸውም ከሁለት ፊደላት በቀር ጠፋ። እናታችን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱትና አንድ ቃል ሳይናገሩ መለሱልን። ይህን መጻፋችን በሌላው ቤት እንዳይደገም ነው።

እንዲህ ያለውን ሰዓት ለማጽዳት ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ማሰሪያው በሚያያዝበት ሥፍራ ላብና ቅቤ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ቢገኝ፥ ማሰሪያውን አውልቆ፥ በስንጥር ጫፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ በቀስ ማንሣት ነው። ውሃና ሳሙና፥ አልኮልም ቢሆን፥ አይቅረበው። በጥንቱ ሰዓት ውሃ የሚከለክለው ጎማ ቢኖርም እንኳ በዕድሜ ደርቋል፤ መስተዋት የሚመስለውም ክዳን ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለ ሆነ አልኮል ያሰነጣጥቀዋል። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ፥ በክረምት ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ሲወጡ ከክዳኑ ውስጥ ጉም ቢታይ፥ እርጥበት ገብቷልና ሳይዝግ ለሰዓት ሠሪ ማሳየት ይገባል፤ ከምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ዘይቱን ያበላሻል።

የጀርባውን ክዳን በቤት ውስጥ በካራ መክፈት ከሁሉ የከፋ ነው። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት፥ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል፤ የሰዓት ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት እጅ ይፈልጋል። እንደ ጠጕር የቀጠነች ሞላ ይዛ የምትወዛወዘው መዘውር፥ በብዙዎቹ የጥንት ሰዓቶች በአንድ ሰዓት ጊዜ 18,000 ጊዜ ትመታለች፤ በአንድ ቀንና ሌሊት 432,000 ማለት ነው። ዘይቱ ከደረቀ ብረት ብረትን ይበላልና፥ በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ማስጠረግና ዘይት ማስለወጥ ያሻል።

ደግሞ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በጨለማ የሚያበራው የሰዓት ቀለም ብዙ ጊዜ ራዲየም ነበረበት። ብርሃኑ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ ግማሹ የሚያልቀው በ1,600 ዓመት ገደማ ነውና። ትቢያው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ቀለሙን መፋቅ፥ ለሕፃናትም መጫወቻ አድርጎ መስጠት አይገባም።

መሙላቱ በየጧቱ በአንድ ጊዜ ቢሆን መልካም ነው፤ እንቢ ሲል አለማስገደድ። ቀን የሚቆጥር ሰዓት ያላቸውም፥ በአገራችን አቆጣጠር 12 ላይ ሲያቆሙት ቀኑ በንጋት እንዲለወጥ ማስተካከል ይቻላቸዋል። እኛ ይህን የምንወደው ነው።

የእኛን ሰዓት ያየው ሠሪ ልባጡን በአዲስ ወርቅ ላድሰው ብሎን ነበር። ከመለበጡ በፊት ገላውን መሞረድ ግድ መሆኑን በነገረን ጊዜ፥ ውስጡን ብቻ እንዲጠርግ ለመንነው፤ ሁለቱ ፊደላት ዛሬም በጣት ይዳሰሳሉ።