ስለ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል አጠባበቅ

በክረምት ወራት ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና የሚጭነው ነገር ቀን የሚጠብቅ አይደለም። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ መከላከያ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሊጠበቅ የሚገባው ስለሆነ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሟሙቶ ክትባቱ ከሞቀ ኃይሉን ያጣል። ምርጥ ዘርም የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ጭነት የያዘ መኪና በደንቢያ ወይም በሁመራ ጥቁር አፈር ላይ የኋላ ዲፈረንሻሉ ተሰብሮ ሲቆም፣ ኪሣራው ከመለዋወጫ ዕቃው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። የሚያሳዝነውም ይህ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል መሆኑ ነው።

ዲፈረንሻል ማለት ከካምቢዮው በካርዳን የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል የማርሽ ቤት ነው። ከካርዳኑ ጋር የተያያዘው ትንሽ ማርሽ ፒኞን ሲባል፣ እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ማርሽ ኮሮና ይባላል። ከኮሮናው ጋር አብረው የሚዞሩ ሌሎች ትናንሽ ማርሾችም አሉ። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ፣ እነዚህ ማርሾች ሁለቱ ጎማዎች እንደየመንገዳቸው እንዲዞሩ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ሴሚያሴ በሚባሉት ሁለት ዘንጎች አማካይነት ከጎማዎቹ ይደርሳል።

ይህ ዕቃ የሚሸከመው ኃይል ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በ1940 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየውን ላንድሮቨር እንመልከት። በ1950ዎቹ ዓመታት በተሠራው ላንድሮቨር ነጂው ከባዱን ማርሽ አስገብቶ በአንደኛ ሲነሣ፣ የሞተሩ የማዞር ኃይል ከጎማው እስኪደርስ ድረስ ወደ 40 እጥፍ ያህል ይባዛል። በዳገት ላይ ደግሞ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ፣ ከዚህ ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚችለው የኋላው ዲፈረንሻል ነው። የፊት ጎማዎች ካልገቡማ ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ የፊት ጎማዎችን የሚያስገባው ማርሽ መግባት ያለበት ጭቃው ወይም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዳንድ ነጂ በሁለት ጎማ መውጣቱን እንደ ጉብዝና ይቆጥረዋል፤ የዚህ ጉብዝና ሒሳብ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ይሁን እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ጎማዎቹን መልሶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የፊቱና የኋላው እርስ በርሳቸው ስለሚጓተቱ ማርሾቹ ያለ ጥቅም ይጨነቃሉ።

ከጥንቃቄዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ዘይት ነው። በቀድሞው የላንድሮቨር ዲፈረንሻል የሚገባው ዘይት 1.75 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ሊትር ቢፈስ ከሦስት እጅ አንዱ የሚጠጋው ጠፋ ማለት ነው። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሚያፈተልከው በፒኞኑ አንገት ላይ ዘይት በሚያግደው ጎማ በኩል ነው። በረዥም ዳገት ላይ የቀረው ዘይት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ አስቀድሞ የሚደርቀውና የሚቃጠለው የፒኞኑ ኩሽኔታ ይሆናል። ኩሽኔታው ሲላላ ፒኞኑና ኮሮናው ትክክለኛ አገጣጠማቸውን ያጣሉ፤ ጥርስ የሚሰበረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዘይቱ የሚመረመረው መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በመሙያው ቡሎን ዙሪያ ያለውን ጭቃ ጠርጎ መክፈትና ጣት አስገብቶ ማየት ይበቃል፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ዘይት በሚለወጥበት ጊዜም አስቀድሞ መላላት ያለበት የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው፤ የታችኛውን ከፍቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የላይኛው በዝገት እንቢ ያለው ሰው መኪናውን ማንቀሳቀስ አይችልም። የሚሞላው ዘይት የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘው የማርሽ ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት አይተካውም።

የዘይት ሁለተኛው ጠላት ውኃ ነው። ብዙ ሰዓት የተነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ እንደጋለ ወንዝ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኰማተርና ውኃውን ከውጭ ይስባል። በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ያለችው ትንሿ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ተደፍና እንደ ሆነ፣ ውኃው በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ይገባል። ስለዚህ መተንፈሻዋን ዘወትር ማጽዳት፣ ቢቻልም በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ፣ ከወንዙም ዳር ጥቂት ቆሞ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው። ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጥቶ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር መለወጥ ይኖርበታል። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየበት ግን ዘይት መለወጡ ብቻ መድኃኒት አይሆነውም፤ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ዘይቱ ሙሉ የሆነ ዲፈረንሻልም በነጂው እግር ሊሰበር ይችላል። መኪናው ጭቃ ይዞት አንደኛው የኋላ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር፣ ያ ጎማ የሚዞረው ከኮሮናው በእጥፍ ፍጥነት ነው፤ ትናንሾቹ ማርሾችም ለእንዲህ ያለ ሩጫ አልተሠሩም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጎማው እየተሽከረከረ ሳለ ድንገት ድንጋይ ወይም ደረቅ መሬት ሲነክስ ነው። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያርፍበትና ወይ ሴሚያሴው ይቈረጣል፣ ወይ የማርሹ ጥርስ ይረግፋል። በወጣ ገባ መንገድ ላይ እየነጠረ የሚሄድ መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ጎማው ከመሬት በተነሣበት ቅጽበት ነዳጅ የሚረግጥ ነጂ ሲያርፍ ይሰብረዋል። የኋላ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት እየለቀቁ መኪናን ከጭቃ ለማውጣት መታገልም እጅግ ክፉ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲነዳ የፒኞኑና የኮሮናው ጥርሶች የሚገፋፉት ብዙ ኃይል በማይችለው በሌላው ገጻቸው ነው።

ስለዚህ ጎማው መሽከርከር እንደ ጀመረ እግርን ማንሣት፣ ጭነት ማራገፍ፣ ከጎማው ሥር ጭቃውን ቈፍሮ ድንጋይና ቅጠል መደልደል ይሻላል። ለዚህ ሥራ በአቅራቢያው ያሉ ገበሬዎች ከማናቸውም መካኒክ የበለጠ ዕውቀት አላቸው፤ መሬታቸው የት እንደሚይዝና የት እንደሚለቅ ያውቃሉና። ዛሬ በገጠር ሥራ በብዛት ከሚታዩት የቶዮታ ላንድክሩዘር መኪናዎች አንዳንዶቹ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር መቈለፊያ አላቸው። እርሱም ቢሆን መግባት ያለበት መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ነው፤ ጎማው እየተሽከረከረ ማስገባት መሣሪያውን ራሱን ይሰብረዋል። በተረፈ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች መጠናቸውም ንፋሳቸውም እኩል ይሁን።

ዲፈረንሻል ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጮኻል። ከሞተሩ ጋር ሳይሆን ከመንገዱ ፍጥነት ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ዋይታ ከተሰማ ኩሽኔታው ወይም የማርሾቹ አገጣጠም ሊመረመር ይገባል። በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ወደ ትናንሾቹ ማርሾች ያመለክታል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ የቀድሞው ላንድሮቨር ዲፈረንሻል ሜዳ ላይ ቢሰበር፣ ክትባቱ ከነመኪናው ቆሞ መቅረት የለበትም። ሁለቱ ሴሚያሴዎች ጎማው ሳይወልቅ ቡሎኖቻቸው ተፈተው ይወጣሉ፤ የኋላው ካርዳንም ይፈታል፤ የተከፈተው የጎማ መካከልም አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ይሸፈናል። ከዚህ በኋላ የፊት ጎማዎች ገብተው መኪናው በእነርሱ ብቻ በዝግታ ሊነዳ ይችላል። ነገር ግን የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው በኋላው ካርዳን መነሻ ላይ ስለሆነ፣ ካርዳኑ ከወለቀ በኋላ የኋላ ጎማዎቹን አያቆምም፤ በቆሙበት ሁሉ ድንጋይ ከጎማው ሥር ማስገባት ግዴታ ነው።