ትግል፦ ይዞ መጣልና በጊዜ መልቀቅ

በየመጠለያው አመሻሽ ላይ ወጣቶች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው የሚያዩት ኳስ ብቻ አይደለም። በሽቦ አጥር ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚፋለሙበት፣ ኤም.ኤም.ኤ የሚባለው ስፖርትም ብዙ ተመልካች አግኝቷል። ስሙ ሲተረጎም የተቀላቀለ የፍልሚያ ጥበብ እንደማለት ነው። ቡጢ አለበት፣ እርግጫ አለበት፣ ትግልም አለበት። ልጆቻችን ታዲያ ቪዲዮውን አይተው ሲያበቁ ሜዳ ወጥተው ይሞክሩታል። ብዙ ጊዜ የሚሞክሩት ደግሞ ቡጢውን ሳይሆን አንገት ማነቁን ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ይዞ የመታገል ጥበብ ከየት እንደመጣ፣ በፍልሚያው ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው፣ ከኛ አገር ትግል ጋር በምን እንደሚገናኝና ሜዳ ላይ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ እናያለን።

ቀጭኑ ሰው ያሸነፈበት ምሽት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1993 አሜሪካ ውስጥ በዴንቨር ከተማ 8 ተፋላሚዎች ተሰበሰቡ። ቦክሰኛ ነበረ፣ ካራቴ የሚያውቅ ነበረ፣ የሱሞ ታጋይም ነበረ። የክብደት ልዩነት የለም፣ ሕጉም ጥቂት ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የትኛው ጥበብ ይበልጣል?

ያሸነፈው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ ገደማ ነበር። ከተፋላሚዎቹ መካከል እሱን የሚያህሉ ጥቂቶች፣ እሱን የሚበልጡ ብዙዎች ነበሩ። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው አሸነፈ። መጀመሪያ የገጠመው ቦክሰኛ በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አድርጎ ነበር የገባው። ግሬሲ ተጠግቶ ያዘው፣ ጣለው፣ ደረቱ ላይ ወጣበት። ቦክሰኛው ገና ሳይታነቅ መሬቱን መታ መታ አድርጎ እጅ ሰጠ። ሌሎቹን ሁለቱን ደግሞ አንገታቸውን ይዞ አሸነፋቸው።

ነገሩ አስማት አይደለም። ቡጢ የሚሰነዝር ሰው ርቀት ይፈልጋል፤ እግሩም መሬት መርገጥ አለበት። ከተጣበቁበት ክንዱ አይዘረጋም። ከጣሉት ደግሞ የቡጢው ኃይል አብሮ ይወድቃል።

ግሬሲ ይህን ከቤተሰቡ ነው የተማረው። ሥሩ ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን መሠረተ። የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የሆነው ሚትሱዮ ማዬዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ። የግሬሲ ቤተሰብም ከሱ ተምሮ የብራዚል ጁጂትሱ የሚባለውን አሳደገ።

ሦስቱ ሥራዎች

ትግል በኤም.ኤም.ኤ ውስጥ ሦስት ሥራ አለው።

የመጀመሪያው መጣል ነው። ታጋዩ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ ጭንቅላቱን ግን ቀና ያደርጋል። የባላጋራውን ሁለት እግር ከቋንጃው ላይ አቅፎ በትከሻው ይገፋል። ወይም ወገቡን አቅፎ እግሩን ይጠልፋል። ይህን ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው መሬት ላይ መቆጣጠር ነው። በኛ ትግል ሰው ከወደቀ አለቀ፤ እዚያ ግን ገና ተጀመረ። የጣለው ሰው ደረቱ ላይ ይወጣል ወይም ጀርባውን ይይዛል። ከሥር ያለውም ቢሆን አልተሸነፈም። በሁለት እግሩ የላይኛውን ወገብ ቆልፎ ይይዘዋል፣ እንዳይመታው ይጎትተዋል፣ ከዚያ ሆኖም ማሸነፍ ይችላል። በጀርባ ተኝቶ መፋለምን ለዓለም በሰፊው ያሳዩት እነዚህ ብራዚላውያን ናቸው።

ሦስተኛው እጅ ማሰጠት ነው። ክርንን ወይም ትከሻን ከተፈጥሮው በተቃራኒ መጠምዘዝ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው አንገት መያዝ ነው። ብዙ ሰው ማነቅ ማለት ትንፋሽ ማሳጣት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች አሉ። እነሱ ከተጫኑ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ተፋላሚው ይህን ስለሚያውቅ ቀደም ብሎ በእጁ መታ መታ ያደርጋል። ዳኛውም ያን ጊዜ ወዲያው ያላቅቃቸዋል። አጠር ባለ ቪዲዮ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ስለሚቀር ልጆቻችን የሚያዩት ማነቁን እንጂ መልቀቁን አይደለም።

አሸዋ ሲቆፍር ያደገው ፍራንሲስ

ትግል ሳያውቁ ጡንቻ ብቻ ምን ዋጋ እንዳለው ያየ ሰው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ነው። በልጅነቱ አሸዋ በሚወጣበት ቦታ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አገሩን ለቆ በረሃውን አቋርጦ ሞሮኮ ደረሰ። ደጋግሞ ሞክሮ ባሕሩን ተሻገረ፣ ስፔን ውስጥ ሁለት ወር ታሰረ፣ ከዚያም ፓሪስ ገብቶ ጎዳና አደረ። ይህን የምንጽፈው መንገዱን ተከተሉ ለማለት አይደለም፤ በዚያ በረሃና ባሕር ስንት ወገን እንደቀረ እናውቃለን።

ንጋኑ ቡጢው እጅግ ከባድ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ለሻምፒዮንነት ሲገጥም አሜሪካዊው ስቲፔ ሚዮቺች ደጋግሞ እየጣለ፣ እላዩ ላይ እየተኛ አደከመውና በነጥብ አሸነፈው። ንጋኑ ግን ተመልሶ የጎደለውን ተማረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ያንኑ ሰው አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ጉልበቱ ተጎድቶ ሳለ ሲሪል ጋን ከተባለ ፈጣን ተፋላሚ ጋር ገጠመ። በቡጢ ሊደርስበት አልቻለም። ታዲያ ምን አደረገ? እየያዘ ጣለው፣ በነጥብም አሸነፈ። በትግል የተሸነፈው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ በትግል አሸነፈ ማለት ነው።

ትግል እኛ ዘንድ

ትግል ለኛ እንግዳ አይደለም። ከገና፣ ከገበጣ፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ የሚካሄድ ነው። በገጠር እረኞች በመስኩ ላይ ይታገላሉ፣ በበዓል ቀንም ጎበዝ ከጎበዝ ይገጥማል። ወደቀ አልወደቀም የሚሉት ቆመው የሚያዩት ናቸው።

አሁን ያለንበት አገር ሱዳንም የራሱ ትግል አለው። በዓረብኛ ሙሳራዓ ይሉታል። ባለቤቶቹ የደቡብ ኮርዶፋን የኑባ ተራራ ሰዎች ናቸው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ መንደር ከመንደር ይገጥማል። ታጋዩ እጁ እንዳይንሸራተት አፈር ያሻል። ቡጢ የለም፣ ማነቅ የለም፤ የጣለ አሸነፈ። ጦርነት ከተራራቸው ሲያፈናቅላቸው ትግሉን ይዘው ካርቱም ገቡ። በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር በየሳምንቱ የሚታገሉበት ሜዳ ሕዝብ የሚሞላው ነበር። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2023 ጀምሮ በካርቱም በተነሣው ጦርነት ያ ሕዝብ ዳግመኛ ተበተነ። ከከተማዋ የሸሸው ብዙ ሰው እስከ ገዳሪፍ ድረስ መጥቷል።

ስደተኛ ሆኖ በዚህ ጥበብ ስለታወቀ ሰው ካነሣን ፖፖሌ ሚሴንጋን አንዘልም። በኮንጎ ጦርነት ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ተለይቶ ጫካ ውስጥ ተገኘ። ኪንሻሳ ውስጥ በተፈናቃይ ሕፃናት ማዕከል ጁዶ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራዚል ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ በነበረበት የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ተሰለፈ፤ አንድ ግጥሚያም አሸነፈ። መነሻው በማዕከሉ ያገኘው ትምህርት ነው።

ሜዳችን ላይ ምን እናድርግ?

ልጆቹን አትታገሉ ማለት አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ የሚውል ወጣት ጉልበቱን የሚያወጣበት ይፈልጋል። ነገር ግን የሚከተሉትን ብንይዝ ጉዳት ይቀንሳል።

1. መሬቱ ይታሰብበት። የገዳሪፍ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እዚያ ላይ የወደቀ ልጅ አንገቱ ወይም ክንዱ ሊሰበር ይችላል። ከወንዝ አሸዋ አምጥቶ በደንብ ማልበስ፣ አሸዋ ከሌለም ገለባ የሞላ ጆንያ መደርደር ያስፈልጋል።

2. መጀመሪያ አወዳደቅ ይማሩ። አገጭን ወደ ደረት አጥፎ፣ ጀርባን አጉብጦ መውደቅ እንጂ በእጅ መሬት መደገፍ አይደለም።

3. አንገት ማነቅና ክንድ መጠምዘዝ ያለ አሠልጣኝ ይቅር። ባላጋራን አንሥቶ በጭንቅላቱ መትከልም እንዲሁ ክልክል ይሁን።

4. መታ መታ ያደረገ ወይም "በቃ" ያለ ወዲያው ይለቀቅ። ያልለቀቀ ከሜዳ ይውጣ።

5. በዕድሜና በክብደት የሚመጣጠኑ ብቻ ይግጠሙ፤ አንድ ትልቅ ሰውም ይዳኝ።

6. ራሱን የሳተ ቢኖር ወዲያው ለቆ፣ መተንፈሱን አይቶ፣ በጎኑ አስተኝቶ ለጤና ሠራተኛ መጥራት ነው። ወድቆ አንገቴን ያለ ሰው ግን ከቦታው አይነቃነቅ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እኛ እዚህ ከተለያየ አካባቢ፣ ከተለያየ ብሔር መጥተን በአንድ ውሃ ቦቴ የምንሰለፍ ሰዎች ነን። የሁለት ልጆች ትግል በአንድ ክፉ ቃል የሁለት ሰፈር ጠብ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የዳግስታኑ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ ኮነር ማክግሪጎርን በትግል ጥሎ፣ አንገቱን ይዞ አሸነፈ። ወዲያው ግን አጥሩን ዘሎ ከተቃራኒው ወገን ሰው ጋር ተደባደበ። ከጠቡ በፊት የነበረው ስድብ ብዙ ነበር። ካቢብ ለዚህ ገንዘብ ተቀጣ፣ ከውድድርም ታገደ። እንዲህ ያለ ታጋይ እንኳ ከስድብ በኋላ ራሱን መግዛት ካቃተው የኛ ልጆች እንዴት ይችላሉ? ስለዚህ ብሔር ከብሔር፣ ሰፈር ከሰፈር ማጋጠም አይሁን፤ ቡድኑ ተቀላቅሎ ይመደብ። ትግሉ ሲያልቅ የጣለው የወደቀውን እጁን ይዞ ያንሣው።

በየብሎኩ በወጣትነታቸው ታግለው የጣሉ አባቶች አሉ። ልጆች ስልኩን ለአንድ አፍታ አስቀምጣችሁ እነሱን ጠይቁ። እናንተም አባቶች፣ አመሻሽ ላይ ወጣ ብላችሁ አሳዩአቸው፤ ዳኝነቱንም ያዙላቸው።