ሊጥና ስጥ

በቲያንጂን ከተማ፣ ከማስተምርበት ግቢ በር አጠገብ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ባለ ሦስት እግር ጋሪዋን አቁማ ክብ ምጣድዋን የምትጥድ አንዲት ሴት አለች። የምትጋግረው ጂያንቢንግ የሚባለውን የከተማውን ቁርስ ነው፤ ከማሾ የተዘጋጀውን ቀጭን ሊጥ በጭልፋ ጨልፋ በምጣዱ መካከል ታፈስና፣ እጀታ በተበጀለት ቀጭን እንጨት ዙሪያውን አዙራ እስከ ምጣዱ ዳር ታደርሰዋለች፤ ሊጡ ሳይደርቅ ዕንቁላል ትሰብርበታለች፤ የሽንኩርት ቅጠል ትነሰንስበታለች፤ ገልብጣም ከስንዴ የተሠራ ጣፋጭ ድልህ ትቀባውና፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በሆዱ አስገብታ፣ አጥፋ ለተራ ጠባቂው ትሰጠዋለች። እንጀራ በሚጋገርበት ጓዳ አድጎ ወደዚህ አገር የመጣ ሰው በዚህ ምጣድ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ እኔም ብዙ ማለዳ ቆሜ እጅዋን ተመልክቻለሁ፤ ከእጅዋም ለሥራዬ የሚሆን ትምህርት ወስጃለሁ።

ሥራዬ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ነው። ደቀ መዛሙርቴ አፋቸውን በቻይንኛ የፈቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ወደ እኔ የሚመጡት «አራተኛ ደረጃ» ብለው ለሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በመላው ቻይና ለሚሰጠው የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ለመዘጋጀት ነው። በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም «ላኦሺ» ይሉኛል፤ ትርጓሜው መምህር ማለት ነው፤ ከአንደበታቸው ሲወጣ ግን እኛ «የኔታ» በምንለው ቃል ውስጥ ያደረው አክብሮት ያለበት ሆኖ ይሰማኛል። መሣሪያዬም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከ150 ቃላት የማይበልጥ፣ በአንድ ምሽት ተነቦ፣ ተተርጉሞ፣ ተወያይተውበት የሚያልቅ አጭር ንባብ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ከእያንዳንዳቸው እጅ የማይጠፋ መጽሐፍ አለ፤ በኪስ የሚገባ፣ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የደረደረ፣ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል በቀኝ አንድ ወይም ሁለት የቻይንኛ ፍች ያስቀመጠ። የእነዚህ መጻሕፍት የመጀመሪያ ቃል ብዙውን ጊዜ «አባንደን» ነው፤ ፍችውም መተው፣ ጥሎ መሄድ ነው። ቆርጦ የተነሣ ተማሪ ሁሉ ከእርሱ ስለሚጀምር ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ ብዙዎቹም ከዚያ ገጽ ብዙ ሳይርቁ መጽሐፉን ይተዉታል። ይህን ሲያወሩልኝ ይሥቃሉ፤ እኔን ግን ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለምና።

በቃል ማጥናትን «ቤይ» ይሉታል፤ በዚያው ፊደል የሚጻፈው ቃል ጀርባ ማለትም ነው፤ የጥንቱ ተማሪ ለመምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ያጠናውን በቃሉ ይል ነበርና። እኔም በቃል ማጥናትን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ በልጅነቴ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ተሻግሬ፣ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ነኝና፣ በቃል የተያዘ ነገር ለዕድሜ ልክ ምን ያህል ስንቅ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን እኛ በቃላችን የያዝነው አንዱ ቃል ቀጣዩን እየጠራ፣ ዜማውም ሁሉን እያሰረ የሚሄድ ንባብ ነበር እንጂ፣ ከወገኑ ተለይቶ ብቻውን የቆመ ቃል አልነበረም። የቻይና ሊቃውንትም ይህን ምሥጢር አልሳቱትም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት ዉ አንድ ሺህ የተለያዩ ፊደላት ተሰብስበው ወደ ድርሰት እንዲለወጡ ጆው ሺንግስ የተባለውን ሊቅ ባዘዘው ጊዜ፣ ሊቁ በአራት በአራት ፊደል የተመጠኑ 250 ስንኞች አድርጎ ከሰማይና ከምድር አፈጣጠር ጀምሮ እስከ መልካም ጠባይ ድረስ አያይዞ ደረሳቸው፤ ሥራውን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ሲነጋ ጸጉሩ ነጭቶ ተገኘ የሚል አፈ ታሪክም አለ። ከሺህ ዓመት በላይ የዚህ አገር ልጆች ፊደል የለዩት በዚህ ድርሰት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን፣ «አባቶቻችሁ የተበተኑትን ፊደላት ሰብስበው ንባብ አደረጉላችሁ፤ እናንተ ንባቡን በትናችሁ ስለ ምን ዝርዝር ታደርጉታላችሁ?» እላቸዋለሁ።

ይህ ነገር በዓይኔ ፊት ግልጥ ሆኖ የታየኝ በአንድ የኅዳር ምሽት ነው። ስለዚያች ጂያንቢንግ ጋጋሪ ሴት አንዲት አጭር ንባብ ጽፌ አቀረብሁላቸው፤ በውስጧ «ስፕሬድ» የሚለው ግስ ነበረበት። አንድ የምሕንድስና ተማሪ፣ ትጉህና ቃላቱን ሁሉ በደብተሩ የመዘገበ ልጅ፣ ንባቡን ወደ ቻይንኛ ሲመልስ ከዚህ ግስ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ደብተሩን ገለጠ፤ በደብተሩ የተጻፈው ፍች «ቹዋንቦ» ነበር፤ ይህም ወሬን ወይም በሽታን ማሠራጨት ማለት ነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ላኦሺ፣ ሴቲቱ ሊጡን የምታሠራጨው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሣቁ፤ የልጁም ፊት ቀላ። እኔ ግን ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ መሆኑን አይቼ፣ መዝገበ ቃላት እንዳይገለጥ ከልክዬ፣ «ዛሬ ጧት ቁርስህን የት በላህ?» አልሁት። ከእርስዋ ገዝቶ ነበር። «እንግዲያው ሊጡን ካፈሰሰች በኋላ እጅዋ ምን አደረገ?» ብዬ ብጠይቀው፣ መናገሩን ትቶ መዳፉን በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ በክብ አዞረው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ታን!» አለች፤ ሊጥን በምጣድ ላይ ማስፋት በቻይንኛ ስሙ ይህ ነው፤ በመንገድ ዳር የሚዘረጋውም የንግድ ቦታ በዚሁ ቃል ይጠራል። ልጁ በደብተሩ ላይ የነበረውን ፍች ሳይሰርዝ አጠገቡ ትንሽ ክብ ሣለ።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ግስ በሌሎች ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አመጣሁላቸው፤ ወሬው በማደሪያው ሁሉ ተሰማ፤ ሰውየው ዳቦው ላይ ቅቤ አደረገ፤ ንስሩ ክንፉን ከፈተ። እንግሊዙ ለሁሉም በአንድ ግስ ሲገለገል፣ ቻይናዊው ለየአንዳንዱ የተለየ ግስ አለው፤ እኛም በአማርኛ ወሬን እንነዛለን፣ ቅቤን እንቀባለን፣ ክንፍን እንዘረጋለን፣ ሊጥንም በምጣድ እናዞራለን። የእኛ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ሲያበዙት፣ እያንዳንዱ «አንድም» ከንባቡ ጋር የተያያዘበት ሥር አለው፤ ንባቡ የሌለበት «አንድም» ግን ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። በኪሱ መጽሐፍ ቀኝ በኩል የተጻፈው ፍች ንባቡ የጠፋበት «አንድም» ነው።

እንግዲህ ንባቡ ምን ዓይነት ይሁን? ሁ እና ኔሽን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ ረዳት አንድን ታሪክ በሚገባ እንዲረዳ ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል፤ ይህም ማለት ከ50 ቃላት መካከል አንድ እንግዳ ብቻ ነው። እኔም በ150 ቃላት ውስጥ ከሦስት በላይ አዲስ ቃል ላለማስገባት እተጋለሁ። አሌግዛንደር የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመውና በቻይና ትልቅ ስም ያገኘው «ኒው ኮንሰፕት ኢንግሊሽ»፣ በተለይም 96 አጫጭር ንባቦችን የያዘው ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ውበቱና ልከኝነቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝን ቲያትር ቤት ላላየ የመንደር ልጅ ቃሉም እንግዳ፣ ነገሩም እንግዳ ይሆንበታል፤ ሁለት እንግዳ በአንድ ጊዜ መቀበልም ለቤቱ ይከብዳል። በእኔ አስተያየት ነገሩ የሚያውቁት ሊሆን፣ ቃሉ ብቻ አዲስ ሊሆን ይገባል።

የሚያውቁትን ነገር ለመጻፍ ግን ልሳናቸው ዓለምን እንዴት እንደ ከፈለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔም በዚህ ብዙ ስቻለሁ። ቻይናዊ «ካን» በሚለው በአንዱ ግስ መጽሐፍም ያነባል፣ ቴሌቪዥንም ያያል፣ ወዳጁንም ይጠይቃል፣ ሐኪም ዘንድም ይሄዳል፤ እንግሊዙ የሚለያየውን በአንድ ከረጢት ይይዛል። «ጂዬ» የሚለው ግስ መዋስም ማዋስም ነው። እኛ ተዋሰና አዋሰ ስንል ከአንድ ሥር የወጡት ሁለቱ በመነሻቸው ተለይተው አቅጣጫቸውን ስለሚነግሩን፣ በዚህ ነገር የሚደናቀፍ ሰው እንዴት እንደሚደናቀፍ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ልጆቹ «ብዕርህን ተዋሰኝ» ሲሉኝ ቸልተኝነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከአጎቷ የትምህርት ገንዘብ ስለ ተላከላት ልጅ ጽፌ ነበር። ንባቡ ገና ሳይጋመስ «ላኦሺ፣ የትኛው አጎት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በቻይንኛ የአባት ታላቅ ወንድም ቦቦ፣ ታናሹ ሹሹ፣ የእናት ወንድም ጂዩጂዩ ነው፤ ሁሉንም የሚያጠቃልል ስም ስለሌለ የንባቡን ሰው ማንነት ሳያውቁ ወደ ፊት መሄድ አልቻሉም። እኔም «ምንም አይደለም፣ ዝም ብላችሁ አንብቡ» አልኋቸው፤ ይህን መልሴን እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ። ለእነርሱ ምንም አይደለም የማይባል ነገር ነበር፤ ገንዘቡን የላከው የእናት ወንድም ከሆነ ታሪኩ አንድ ነው፣ የአባት ታላቅ ከሆነም ሌላ ነው። አሁን በዚያች ንባብ ውስጥ «የእናቷ ወንድም» የሚል አንድ ሐረግ ጨምሬበታለሁ፤ ንባቢቱ በእርሱ ከበረች እንጂ አልረዘመችም።

ስለ ፈተናው አንድ ቃል ልናገር። በአራተኛው ደረጃ ፈተና ውስጥ ከአንድ ንባብ 10 ቃላት ተነቅለው፣ ተፈታኙ ከተሰጡት 15 ቃላት መርጦ ክፍቶቹን እንዲሞላ የሚጠየቅበት ክፍል አለ። ቃልን ከንባብ እየነቀሉ ማስሞላትን ዊልሰን ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ባስተዋወቀ ጊዜ ዓላማው አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ እንደ ሆነ ለመመዘን ነበር፤ በሚዛኑ የተቀመጠው ጽሑፉ ነበር። ኋላ ሚዛኑ ወደ ተማሪው ዞረ። እኔ በክፍሌ ውስጥ ወደ ጥንቱ መልሼዋለሁ፤ ብዙዎች አንዱን ክፍት ቦታ ከሳቱ የምመረምረው የራሴን ንባብ ነው። ለምሳሌ «ኦልዞ» ብሎ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በመካከሉ ክፍት ትቼ ባቀርብላቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በት» ብለው ሞሉት፤ በቻይንኛ «ስዊራን» ካለ «ዳንሺ» ይከተለዋልና። እኛም «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ነገር ግን» ብንጨምር ማንም አይገሥጸንም፤ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በአንድነት አይቀበልም። ቀይ ምልክት ላደርግበት የነበረውን ወረቀት ሁሉ መልሼ፣ ሁለቱ ልሳናት ጎን ለጎን የሚታዩበትን አዲስ ንባብ ጻፍሁ።

ባለፈው ሳምንት ነገሩን ገልብጬ፣ ንባቡን ራሳቸው እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ከሄቤይ መንደር የመጣች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ስለ አያቷ አሥራ ሁለት መስመር ጽፋ አመጣች። በመስከረም መጨረሻ በቆሎው ሲሰበሰብ አሮጊቷ ፍሬውን በቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ታሰጣዋለች፤ ድንቢጦች እንዳይለቅሙትም በትንሽ ወንበር ተቀምጣ ትጠብቃለች። አያቷን በሁለት ስፍራ «እሱ» ብላታለች፤ በቻይንኛ እሱም እሷም በጆሮ አንድ «ታ» ስለ ሆኑ ይህ ስሕተት ቶሎ አይለቅም። ግን «ስፕሬድ» የሚለው ግስ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጦ ነበር።

ያን መስመር ሳነብ ስጥ ታየኝ። እናቴ በደጃፍ ሰሌን ላይ የምታሰጣው ገብስ፣ እኔም ዶሮ እንዳይበላው ዘንግ ይዤ የምቀመጥበት ግድግዳ፣ «ስጡን ጠብቅ» የምትለው ድምፅዋ መጣብኝ፤ ይህን ቃል በአፌ ካልሁት ስንት ዓመት እንደ ሆነኝ እንጃ። ለልጅቱ፣ በእኛ ቋንቋ ለፀሐይ የተዘረጋ እህል የራሱ ስም እንዳለው ነገርኋት። ልትለው ሞከረች፤ «ስ» አላስቸገራትም፣ በቋንቋዋ አራትን የምትጠራበት ድምፅ ለእርሱ ቅርብ ነውና፤ «ጥ» ግን ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሎ «ተ» ሆነ። ደጋግማ ሞክራ በደብተሯ ዳር ጻፈችው።

በንባቧ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ ነበር፤ አያቷ በቆሎውን የምታገላብጥበት ባለ ጥርስ ዕቃ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላወቀችም፤ እንደ ፈተናው መስመር አስምራ ትታዋለች። ቃሉን አልነገርኋትም፤ ለጓደኞቿ እንድታስረዳ ጠየቅኋት። የከተማ ልጆቹ ሹካ ነው አሉ፤ ማበጠሪያ ነው አሉ፤ መጥረጊያ ነው አሉ። እርስዋም ራስዋን እየነቀነቀች፣ ጣቶቿን አጥፋ በጠረጴዛው ላይ ወደ ራስዋ ትስብ ጀመር። በድንገት ያ የምሕንድስና ተማሪ ብድግ ብሎ «ጁ ባጂዬ!» ብሎ ጮኸ፤ «ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ» በሚለው የጥንት መጽሐፍ ውስጥ ዘጠኝ ጥርስ ያለው መሣሪያ ተሸክሞ የሚዞረው፣ ሁሉም ከሕፃንነቱ የሚያውቀው ባለ አሳማ ፊት መንገደኛ ነው። ክፍሉ በሙሉ አንድ ጊዜ «አዎን!» አለ። ያን ጊዜ ጠመኔ አንሥቼ «ሬክ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፤ እርስዋም ክፍት ቦታዋን ሞላች።