ጢጥ ማለቱ አይበቃም

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የባቡሩ መጠገኛ ጋራዥም እዚያው ተተከለ። በእንዲህ ያለ ከተማ የተበላሸ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ይሞከራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ። ሽቦው ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፣ የቀረውን ስቦ በፒንሳ ይጠመዝዛል፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ያስነካል። ጢጥ ካለ ምጣዱ ዳነ ይባላል። ጩኸቱ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መነበብ ያለበት ቁጥሩ ነው።

ቴስተሩ ኦም ላይ ሲደረግ ከራሱ የባትሪ ድንጋይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይልካል፤ ሽቦው ምን ያህል እንደሚያግደው፣ ማለትም ሬዚስታንሱን፣ በኦም ይናገራል። ስለዚህ ምጣዱ መጀመሪያ ከሶኬት መነቀል አለበት፤ አለዚያ ልኬቱ ቀርቶ አደጋው ይተርፋል። ጩኸቱ የሚነግረን መንገዱ አለመቋረጡንና ሬዚስታንሱ ከጥቂት አሥር ኦሞች አለመብለጡን ብቻ ነው። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 14 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው፤ የሚወስደውም 16 አምፔር ገደማ ነው፤ የተለመደው ሶኬት የሚችለውም እስከዚሁ ነው። ከሽቦው አንድ አሥረኛው ተቆርጦ ከተጣለ ሬዚስታንሱ ወደ 12 ተኩል ኦም ይወርዳል፣ አምፔሩ ወደ 18 ይጠጋል። ምጣዱ ከበፊቱ ቶሎ ይግላል፤ የቤቱ ሰውም በጥገናው ይደሰታል፣ ሶኬቱ መቅለጥ እስኪጀምር። ላልቶ የተጠመዘዘ መጋጠሚያም 1 ኦም ቢይዝ፣ በ15 አምፔር 225 ዋት ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። ቴስተሩ ለሁሉም ያው ጢጥ ነው የሚለው።

በድሬዳዋ ሙቀት ቁጥሩ ይዛባል የሚል አይጠፋም። የመዳብ ሬዚስታንስ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የምጣድ ሽቦ ግን የሚሠራው ከሌላ ቅይጥ ስለሆነ ለውጡ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የቴስተሩ ድንጋይ የሚልከው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ፣ በሙሉ ጭነት ጊዜ የሚግለውን መጋጠሚያ ደህና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ቢሆንም መጋጠሚያውንና ገመዱን እያነቃነቁ ሲለኩ ቁጥሩ ከዘለለ ጉድለቱ እዚያው ነው፤ ካልዘለለም ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ነቅሎ የሶኬቱን ሙቀት መፈተሽ ይቻላል። የቴስተሩ ገመዶችም የራሳቸው ጥቂት ሬዚስታንስ ስላላቸው፣ አስቀድሞ ጫፍ ለጫፍ አነካክቶ የሚያሳዩትን መቀነስ ነው። የተገኘው ኦም ከምጣዱ ሥር በማርከር ቢጻፍ፣ ሽቦው ዳግም ሲበጠስ የሚመጣው ጠጋኝ ምን ያህሉ ተቆርጦ እንደተጣለ አስልቶ በዚያው ልክ አዲስ ሽቦ ይጨምርበታል።