«ኤክስትራ ቨርጂን» ማለት ከፀረ ተባይ ነፃ ማለት ነውን?

ወይራ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የወተት ዕቃ የሚታጠንበት እንጨት ነው። ከገበያ የምንገዛው የወይራ ዘይት ግን በአብዛኛው የሚመረተው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚለማው የዚሁ ዛፍ ዘመድ ነው።

የዚያ አካባቢ ገበሬ ዋና ጠላት የወይራ ፍሬ ዝንብ ናት። እንቁላሏን ፍሬው ውስጥ ትጥላለች፤ ትሉም ፍሬውን እየበላ ያድጋል። ከተጎዳ ፍሬ የሚወጣ ዘይት አሲድነቱ ይጨምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ጥራቱን ለማዳን ሲል ፀረ ተባይ ይረጫል።

አንድ ሊትር ዘይት ለማግኘት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ፍሬ ያስፈልጋል። በውኃ የሚሟሙ ኬሚካሎች በአብዛኛው በምርት ሂደቱ ከሚለየው ውኃ ጋር ይወገዳሉ። በቅባት የሚሟሙት ግን ከዘይቱ ጋር ስለሚቀሩ መጠናቸው ከፍሬው ይልቅ በዘይቱ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ክሎርፒሪፎስ ነው። በልጆች የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉዳት ያደርሳል በሚል ሥጋት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ ቀርቷል።

«ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለው ጽሑፍ የሚነግርዎት ዘይቱ ሳይጣራ በመጨመቅ ብቻ መውጣቱን፣ አሲድነቱ ከ0.8 በመቶ አለመብለጡንና የጣዕም ጉድለት የሌለበት መሆኑን ነው። ስለ ፀረ ተባይ ቅሪት የሚናገረው ነገር የለም። ቅሪቱን በምላስ ወይም በአፍንጫ መለየት አይቻልም፤ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ይህ ግን የወይራ ዘይት ይተዉ ማለት አይደለም። ቅሪት መገኘቱ ብቻውን ዘይቱን ጎጂ አያሰኘውም፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። ለዚህም ነው አገሮች ሊታለፍ የማይገባ የቅሪት ጣሪያ የሚያስቀምጡት። ከእርስዎ የሚጠበቀው የሚከተለው ነው፦

• አምራቹ፣ የተመረተበት አገርና የአገልግሎት ማብቂያው በግልጽ የተጻፈበትን ይግዙ፤ መለያ በሌለው ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠውን ይተዉ።

• አቅምዎ ከፈቀደ የኦርጋኒክ ምልክት ያለውን ይምረጡ። የአውሮፓው ምልክት በነጭ ኮከቦች የተሠራ ቅጠል በአረንጓዴ መደብ ላይ ነው።

• በአንድ ዓይነት ዘይት ብቻ አይወሰኑ፤ እየቀያየሩ ይጠቀሙ።

• ከፍተው የሚጠቀሙበትን ከብርሃንና ከምድጃ ሙቀት ያርቁ፤ ንጹሑም ዘይት በአያያዝ ጉድለት ይበላሻልና።