የእጅ ፓምፓችሁ ማፍሰሱን በምን ታውቃላችሁ?

እናቶች ሆይ፤ ንጹሕ ውኃ ከቤት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ሕፃን ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ ሰው የሚቀዳው ከእጅ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ወደ ወንዝ መውረድ ግድ ይሆናል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የቡና እጣቢ የሚገባበት ወንዝ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ከሜዳ ታጥቦ የሚወርደው ዓይነ ምድርም ለሕፃናት ተቅማጥ ያመጣል።

ነገር ግን ፓምፕ ብዙ ጊዜ ድንገት አይቆምም፤ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። ምልክቱን ያወቀ ሰው በትንሽ ጎሚኒ ያድነዋል።

በአገራችን ገጠር በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቧንቧው ግርጌ ውኃ አስገብታ መልሳ የምትዘጋ ቫልቭ አለች። ከእርሷ በላይ በብረት ዘንግ የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን አለ፤ በዙሪያውም ጎሚኒ አለው። እጀታውን ስትጫኑ ፒስተኑ ውኃውን ያነሣል። ስትለቁት የታችኛዋ ቫልቭ ውኃው ወደ ጉድጓድ እንዳይመለስ ትይዛለች።

አሁን ፓምፓችሁን እንዲህ መርምሩት። ውኃ እስኪወጣ ድረስ ምቱት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ማንም አይንካው። ተመልሳችሁ እጀታውን ሙሉ በሙሉ እያወረዳችሁ ቁጠሩ።

1ኛ፤ ውኃው እስከ 5 ምት ድረስ ከመጣ ደኅና ነው። ከ5 ምት በላይ ካስፈለገ ውኃው ወደ ታች እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የታችኛዋ ቫልቭ ጎሚኒ አልቋል፣ አለዚያም አሸዋ ገብቶባታል። እርሷ ደኅና ሆና ከተገኘች ቧንቧው ተሰንጥቆ ይሆናል።

2ኛ፤ ውኃው ቶሎ መጥቶ መጠኑ ከቀድሞው ካነሰ የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል። ባልዲያችሁ በፊት በስንት ምት ይሞላ እንደ ነበር አስታውሱ።

3ኛ፤ ደኅና ሲወርድ ቆይቶ ከተቋረጠ፣ ሲያርፍም ከተመለሰ፣ ይሄ ማፍሰስ አይደለም፤ በበጋ የጉድጓዱ ውኃ ወርዷል።

4ኛ፤ እጀታው ከተወዛወዘ ወይም ከጮኸ የመገጣጠሚያው ፕላስቲክ አልቋል፤ ወይም ብሎኑ ላልቷል። ቶሎ ይታሰር።

የአፍሪዴቭ ትልቅ ጥቅሙ ቧንቧው ሳይነቀል ዘንጉ፣ ፒስተኑና የታችኛዋ ቫልቭ መውጣታቸው ነው። ስለዚህ የሠለጠነች የውኃ ኮሚቴ አባል፣ ሴትም ብትሆን፣ በአንድ የብሎን መፍቻ ትሠራዋለች። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ ያለቀውን ጎሚኒ መለወጥ ይገባል። ለዚህም ኮሚቴው ከቡና ሽያጭ ጊዜ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ቢያጠራቅም ይበጃል። ቧንቧው ከተሰነጠቀ ግን የወረዳውን ውኃ ባለሙያ ጥሩ።

ጥገና ሲደረግ የወጣው ዘንግ መሬት ላይ አይጣል፤ በንጹሕ ሸራ ላይ ይቀመጥ። ሠራተኛው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከጥገና በኋላ ጉድጓዱ በባለሙያ ክሎሪን ይደረግበት፤ ሽታው እስኪጠፋም ውኃው ተመትቶ ይደፋ። በፓምፑ ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ከተሰነጠቀ የፈሰሰው እጣቢ ተመልሶ ጉድጓድ ይገባልና ይደፈን። ከብት እንዳይጠጋ ይታጠር።

ፓምፑ እስኪሠራ ከወንዝ የምትቀዱ ከሆነ ውኃውን አጥልላችሁ እስኪንተከተክ አፍሉት፤ በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ አኑሩት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃ አትስጡት። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ነገ ጠዋት ለመቅዳት ስትሄዱ እንግዲህ ምቱን ቁጠሩ። ከአምስት ካለፈ ለኮሚቴው በዚያው ቀን ንገሩ። ዛሬ ጎሚኒ የተለወጠለት ፓምፕ ነገ ልጆቻችሁን ከወንዝ ውኃ ያድናል።