ስድስት ሜትር

ጠባብ ቦታ ላይ መኪና አስገብቶ በሩን መክፈት ያቃተው ሰው የዚህን ፈጠራ ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ግራና ቀኙ በመኪና ተይዟል፤ ቦታው ለመኪናዋ ይበቃታል፣ ለሰውየው መውጫ ግን አይተርፍም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2015 በ7 ሲሪስ መኪናው ያመጣው መፍትሔ አሽከርካሪው አስቀድሞ እንዲወርድ ማድረግ ነበር። ይወርዳል፣ በሩን ይዘጋል፣ ስክሪን ያለውን ቁልፍ ይነካል፤ መኪናዋም ሰው ሳይኖርባት ቀስ ብላ ትገባለች። በዓመቱ መርሴዲስ በኢ-ክላስ ላይ ይህንኑ ሥራ ለስማርት ስልክ አሳልፎ ሰጠ።

ይሁን እንጂ አውሮፓ ውስጥ በስልክ የምትታዘዘው ኢ-ክላስ አሜሪካ ስትሸጥ ይህ አገልግሎት አልነበራትም። እንዲህ ዓይነቱ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከብረቱ አይመጣም። መሪውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ካሜራው፣ ሴንሰሩ ሁሉ በሁለቱም አገር መኪና ላይ ሊኖር ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሶፍትዌሩ ውስጥ የሰፈረው የአገር መለያ ነው። ከዚያ መለያ በስተጀርባ ደግሞ የሕግ ሰዎችን ያደከመ ጥያቄ አለ፤ መኪናዋ ባዶዋን ስትንቀሳቀስ ሾፌሩ ማን ነው?

ወደ ሕጉ ከመሄዳችን በፊት መኪናዋ እንዴት እንደምታይ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ ስናስገባ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» እያለ የሚመራን ሰው አይጠፋም። በእነዚህ መኪኖች ላይ ያንን ሥራ የሚሠሩት ከፊትና ከኋላ ፓራውልት ላይ የተተከሉ፣ ብዙውን ጊዜ 12 የሚሆኑ ትንንሽ ክብ ሴንሰሮች ናቸው። የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይለቃሉ፤ ድምፁ መሰናክል ነክቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ይለካሉ። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ 1 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ የሚመለሰው የገደል ማሚቶ ለደርሶ መልስ ጉዞው ወደ 6 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የአዲስ አበባ ከፍታ መለኪያውን ያዛባው ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ፣ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም።

የዚህ ዘዴ ድክመትም ከዘዴው ራሱ የሚወለድ ነው። ድምፅ የሚመለሰው ከሚመልሰው ነገር ነው። ግድግዳ ይመልሰዋል፣ የብረት በር ይመልሰዋል። ለስላሳና ወፍራም ልብስ ግን ይውጠዋል፤ የመኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ልብስ ድምፁን ሊያስቀር እንደሚችል የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ጋቢ ለብሶ አጥር ሥር የተቀመጠ አዛውንት ለእኛ ዓይን ጎልቶ ይታያል፤ ለሴንሰሩ ግን እንደ ግድግዳው ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ቦይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጉድጓድ ማለት የመሬት አለመኖር ነው፤ ሴንሰሩ ያለን ነገር እንጂ የሌለን ነገር እንዲለይ አልተሠራም።

ሕግ አውጪዎች ሰውየውን ከጉዳዩ ያላስወጡት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የመንግሥታቱ ድርጅት የመሪ ሥርዓትን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 79 አለው፤ አውሮፓና ሌሎች ብዙ አገሮች ይሠሩበታል። ይህ ደንብ መኪና ከውጭ ሆኖ በርቀት ማቆምን ፈቅዷል፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ከመኪናዋ ከ6 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይወስናል። ትእዛዙም አንዴ ተነክቶ የሚተው ዓይነት አይደለም፤ ጣት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ጣቱ ከተነሳ፣ ሲግናሉ ከተቋረጠ፣ ርቀቱ ከታለፈ ወይም ከመኪናዋ በሮች አንዱ ከተከፈተ ወዲያውኑ መቆም አለባት። መርሴዲስ ጣት ስክሪኑ ላይ ክብ እየሠራ እንዲዞር ያደረገበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ተጭኖ ወይም ስክሪኑ ደርቆ ሊቀር ይችላል፤ የሚዞር ጣት ግን የነቃ ሰው መኖሩን ይመሰክራል።

ትእዛዙ በኢንተርኔት ሳይሆን ከስልክ ወደ መኪና በቀጥታ በብሉቱዝ እንዲሄድ መደረጉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትጓዛለች። «ቁሚ» የሚለው ቃል በኔትወርክ መጨናነቅ ያን ያህል ከዘገየ ትንሽ ልጅ ለመግፋት በቂ ነው። ብሉቱዝ ግን ርቀትን በመለካት ደካማ ነው። የሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ሞገዱን ስለሚመጥ፣ የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ከትክክለኛ ቦታው የራቀ ይመስላል። አንዳንድ አዳዲስ የቅንጦት መኪኖች በዲጂታል ቁልፋቸው ላይ የሲግናሉን ጥንካሬ ሳይሆን የጉዞ ጊዜውን የሚለካ የሬዲዮ ዘዴ የጨመሩት ይህን በመገንዘብ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ያንን መቁጠር የሚችል ቺፕ ቁልፉ የት እንዳለ በደንብ ያውቃል።

አገሮች ግን ወደዚህ መንገድ የገቡት በተለያየ በር ነው። በእንግሊዝ መሰናክል የሆነው መኪናው ሳይሆን ስልኩ ነበር። እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ስለሆነ፣ ውጭ ቆሞ በስልኩ መኪናውን የሚያስገባ ሰው እንደ ሕገ ወጥ ሾፌር ሊቆጠር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉ ተሻሽሎ በ6 ሜትር ውስጥ ለሚቆም ሰው ይህ ብቻ ተፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት መኪናን አስቀድሞ መርምሮ አያጸድቅም፤ አምራቹ ራሱ ደረጃውን ማሟላቱን ያረጋግጣል፣ ጉድለት ሲገኝ መንግሥት ይመጣል። ቢኤምደብሊው ግን ነባሩ ደንብ ሾፌሩ የወረደባትን መኪና እንዴት እንደሚያይ ጠይቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሥርዓቱ ደንቡን እንደሚያሟላ መለሰለት።

በዚያ በር ቴስላ ከሁሉም ርቆ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአሜሪካ ደንበኞቹ የለቀቀው አገልግሎት መኪናዋን ከ60 ሜትር ርቀት ወደ ባለቤቷ ይጠራት ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ያው አገልግሎት በ6 ሜትር ታስሮ ቀረ። አውሮፓውያን ገዢዎች ተበሳጩ፤ ብስጭታቸው ይገባኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ የዚህን ዓይነት ጥሪ በተመለከተ 2.6 ሚሊዮን በሚያህሉ የቴስላ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፈተ፤ መነሻውም መኪኖቹ ከቆሙ መኪኖችና ከምሰሶ ጋር መጋጨታቸው ነበር። በ60 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ምሰሶውንም ሆነ ትንሽ ልጅን ላያይ ይችላል። ስድስቱን ሜትር የማከብረው በዚህ ነው።

ርቀቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት የተቻለበትም ቦታ አለ። በስቱትጋርት አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቃድ አግኝቷል፤ ባለመርሴዲሱ መግቢያው ላይ ወርዶ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ መኪናዋ ብቻዋን ቦታዋን ትይዛለች። ይህን ያስቻለው መኪናዋ ላይ ያለው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ቦሽ የሠራቸው ሴንሰሮች ሕንጻው ውስጥ ተተክለው ይጠብቋታል።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ በሌላ መልክ ደርሷል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ብዙዎቹም ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ የምናየው ፎክስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ነው። እንዲህ ያለ መኪና ስክሪኑ በቻይንኛ ይናገራል፤ በስልክ የሚከፈቱ አገልግሎቶቹም ለዚያ አገር ኔትወርክና ለዚያ አገር አካውንት የተዘጋጁ ሊሆኑ ይችላሉ። ገዢው ማስታወቂያ ላይ ያየው ነገር እጁ ላይ ያለው መኪና ውስጥ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ሻጭ ይህን ከክፍያ በፊት መናገር አለበት፤ ገዢም በራሱ ስልክ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋን አስገብቶና አስወጥቶ ሳያይ ገንዘብ ባይቆጥር ይሻለዋል።

የአገር መለያውን ቀይረው የተዘጋውን የሚከፍቱ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። ሥራው በላፕቶፕና በአንድ ገመድ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ሰው ይህን አስከፍቶ መኪናውን ወደ ጠባቡ የግቢ በር ሊያስገባ ሲቆም ግን የአውሮፓ ደንብ የሰጠው ጥበቃ አብሮት ይኑር አይኑር የሚያረጋግጥለት አካል የለም። ቦይ ካለበት በኩል ይቁም፤ ሴንሰሩ የማያየው ቦዩን ነው።